የተለያዩ አገሮችን አረፋማ ወይኖች በአንድ ምሽት ለማቅመስ

ለስድስት እንግዶች የተለያዩ አገሮችን አረፋማ ወይኖች በአንድ ምሽት ማቅመስ የሚፈልጉት አባላችን የትኞቹን መርጠው፣ በምን ቅደም ተከተልና እንዴት ቢያቀርቡ እንደሚሻል ጠይቀዋል። እኔ ለወዳጆቼ እንዲህ ያለ ምሽት ደጋግሜ አዘጋጅቻለሁ፤ የመጀመሪያው ግን በራሴ ስህተት የተበላሸ ስለነበር ከእርሱ ብነሳ ይሻላል።

በዚያ ምሽት «ኤክስትራ ድራይ» (ቃል በቃል «እጅግ ደረቅ»፣ ማለትም የማይጣፍጥ) የሚል ጽሑፍ ያለበትን የጣሊያን ፕሮሴኮ፣ ስሙን አምኜ ከሁሉም ያነሰ ጣፋጭ ነው በማለት በመጀመሪያ አቀረብኩት። ቀጥዬ የቀዳሁት ብሩት ሻምፓኝ እንግዶቼን አፋቸውን አኮማተራቸው፤ ውዱ ወይንም በየብርጭቆው ተረፈ። ለካስ ብሩት የሚባለው በሊትር ከ12 ግራም ያልበለጠ ስኳር ሲኖረው፣ ኤክስትራ ድራይ ግን ከ12 እስከ 17 ግራም ይይዛል። ስለዚህ ጠርሙስ ሲገዙ ከአገሩ ስም አስቀድመው ይህችን ቃል ያንብቡ፤ ለንጽጽር የሚቀርቡት ሁሉ ብሩት ይሁኑ፣ ጣፋጩ መጨረሻ ላይ ይምጣ።

ምርጫውን በተመለከተ፣ አገር ከመቁጠር ይልቅ አረፋው የተፈጠረበትን መንገድ መከተል የበለጠ ያስተምራል። ፕሮሴኮ ግሌራ ከሚባለው የወይን ዝርያ ተሠርቶ አረፋውን ለመፍጠር ለሁለተኛ ጊዜ የሚፈላው በአብዛኛው በትልቅ የታሸገ ጋን ውስጥ ስለሆነ የፍሬው መዓዛ ጎልቶ ይቀራል። የስፔኑ ካቫና የፈረንሳዩ ሻምፓኝ ግን እዚያው በጠርሙሳቸው ውስጥ ፈልተው ከእርሾው አተላ ጋር ይከርማሉ፤ ካቫ ቢያንስ 9 ወር፣ ዓመተ ምርት ያልተጻፈበት ሻምፓኝ ደግሞ ቢያንስ 12 ወር ከአተላው ጋር፣ በጠቅላላው 15 ወር በጠርሙስ ይቆያል። የተጠበሰ ዳቦ የሚመስለው ሽታ የሚመጣው ከዚሁ አተላ ነው። እንግዲህ ፕሮሴኮውን፣ ካቫውንና ሻምፓኙን በዚሁ ቅደም ተከተል ቢያቀርቡ እንግዶችዎ ልዩነቱን ያለ ማብራሪያ ያገኙታል። ለመዝጊያ ሞስካቶ ከሚባለው የወይን ዝርያ የሚሠራውን የጣሊያን አስቲ እመርጣለሁ፤ ጣፋጭና አልኮሉም ዝቅ ያለ ነው። የጀርመኑ ዜክት ጥራቱ ከጠርሙስ ጠርሙስ ስለሚለያይ ለሌላ ቀን ቢያቆዩት ይሻላል።

ጠርሙሱን በባልዲ ውስጥ፣ እኩል ውሃና በረዶ አድርገው ለግማሽ ሰዓት ያህል ያቆዩት፤ በረዶ ብቻውን ጠርሙሱን በሁሉም በኩል ስለማይነካው ቀስ ብሎ ነው የሚያቀዘቅዘው። ለፕሮሴኮ ከ6 እስከ 8፣ ለሻምፓኝ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይስማማል። ሻምፓኝ ከዚህ በላይ ከቀዘቀዘ የከፈሉበት መዓዛ ሁሉ ይታፈናል።

ሲከፍቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በውስጡ ያለው ግፊት ወደ 6 አትሞስፌር ይደርሳል፣ ሞቅ ያለ ወይም የተናወጠ ጠርሙስ ደግሞ ቡሹን እንደ ጥይት ያስፈነጥራል። ሽቦውን ከማላላትዎ በፊት አውራ ጣትዎን ቡሹ ላይ ያሳርፉ፤ ከዚያ በኋላ ቡሹ እስኪወጣ ድረስ አያንሱት። ጠርሙሱን ከሰው ፊት አዙረውና አጋድለው ይያዙት፣ ቡሹን በአንድ እጅ ጨብጠው በሌላው ጠርሙሱን ቀስ ብለው ያዙሩት። በደንብ የተከፈተ ጠርሙስ የሚያሰማው እፎይታ የመሰለች ትንፋሽ ብቻ ነው፤ የሚጮኸው ለፎቶግራፍ ካልሆነ በቀር ወይን ከማባከን የዘለለ ጥቅም የለውም።

ብርጭቆው ከቀጭኑና ከረጅሙ ይልቅ ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ቢሆን መዓዛውን ይሰበስባል። በሙቅ ውሃ በደንብ ያለቅልቁት፤ የሳሙና ቅሪት አረፋውን ይገድለዋል። መጀመሪያ ትንሽ ቀድተው አረፋው ሲረጋ ይሙሉት። ባለ 750 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ ለስድስት ሰው 125 ሚሊ ሊትር ይደርሳል፤ ከየዓይነቱ አንድ ከበቂ በላይ ነው። የተረፈውን ለማቆየት ማንኪያ ጠርሙሱ አፍ ላይ መሰካት የሚባለውን አይመኑ፤ ለአረፋማ ወይን የተሠራውን መክደኛ ገጥመው ማቀዝቀዣ ውስጥ ካስቀመጡት እስከ ማግስቱ ይጠጣል።