የሌላውን ሀገር ካርታ በምን እንመዝን?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ አባላት፣ በጎንደር ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ሰሞኑን ቅዳሜ ገበያ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ በጣሊያን ወረራ ዘመን የታተመ፣ ስኬሉ 1:400,000 የሆነ ካርታ አግኝቼ ገዛሁ። መምህራን ማረፊያ ዘርግቼ ሳሳያቸው ክርክር ተነሣ። አንዱ ባልደረባዬ «ጣሊያን ሀገራችንን ከእኛ በላይ ያውቃት ነበር» ሲል፣ ሌላው «ታዲያ ዐድዋ ላይ መንገዱ ለምን ጠፋበት?» ብሎ መለሰለት። ለመሆኑ የአንድ ተቀናቃኝ ሀገር የካርታ ሥራና የመሬት ቅየሳ አቅም በምን ይመዘናል? ሳተላይት ሁሉን ከላይ በሚያይበት በዛሬው ዘመንስ ጥያቄው ትርጉም አለው ወይ?

መልስ፦ ሁለቱም ባልደረቦችዎ እውነት ይዘዋል፤ ሆኖም የሚናገሩት በአርባ ዓመት ስለሚራራቁ ሁለት ጣሊያኖች ነው። የ1888ቱ ጣሊያን በፍሎረንስ ከተማ ከ1872 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆመ ወታደራዊ የጂኦግራፊ ተቋም ስለነበረው የሠለጠነ ቀያሽም ሆነ ጥሩ መሣሪያ አልቸገረውም። የጎደለው ያ ሁሉ ዕውቀት ከመረብ ወንዝ ወዲህ ያለውን መሬት ረግጦ አለማየቱ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥንቃቄ አንድ ሀገር በራሱ ምድር ያለውን የካርታ አቅም በሰው ምድር ላይ ካለው አቅም ጋር አለማደባለቅ ነው። የገዙት ካርታ የሁለተኛው ጣሊያን ሥራ ስለሆነ ስለ ዐድዋ ብዙ አይነግርዎትም።

ዐድዋን በቅርብ እንየው። ለየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አጥቢያ ሌሊቱን ጄኔራል ባራቲየሪ ጦሩን በሦስት ረድፍ ከፍሎ ሲያንቀሳቅስ፣ በግራ በኩል የሚሄደው ጄኔራል አልበርቶኔ ኪዳነ ምሕረት የተባለውን ኮረብታ እንዲይዝ ታዞ ነበር። በእጁ የነበረው በችኮላ የተነሣ ንድፍ ነው። ንድፉ ኪዳነ ምሕረት ብሎ ካመለከተው ቦታ ከደረሰ በኋላ፣ የሀገሩ መንገድ መሪዎች እውነተኛዋ እንዳ ኪዳነ ምሕረት ገና ወደፊት እንደሆነች ነገሩት። እርሱም ብዙ ኪሎ ሜትር ወደ ዐድዋ ጠልቆ ገባና ከሌሎቹ ረድፎች ተነጥሎ ብቻውን ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ተጋጠመ። ድሉን ለካርታ ስህተት ብቻ መስጠት የተዋጊውን ዋጋ ማሳነስ ይሆናል። ባሻ አውዓሎምን የመሳሰሉ ሰዎች ለጠላት ያቀበሉት የተሳሳተ ወሬም የራሱ ድርሻ ነበረው። ይሁንና የስህተቱ ዓይነት ለጥያቄዎ ዋነኛ ትምህርት ይዟል። የተሳሳተው የኮረብታው ቅርጽ ሳይሆን ስሙ ነው።

ይህን ለመረዳት ጎንደሬ መሆን ይበቃል። አርባ አራት ታቦት ባለባት ከተማ «ሚካኤል በየት በኩል ነው?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ «የትኛው? ፊት ሚካኤል ነው አጣጣሚ?» መባሉ አይቀርም። «እንዳ» በትግርኛ የእገሌ ቤት ወይም ስፍራ ማለት ስለሆነ፣ በኪዳነ ምሕረት ስም ደብር በተተከለበት ሁሉ አንድ እንዳ ኪዳነ ምሕረት ይኖራል። ለሀገሩ እንግዳ፣ ለሰዉ ባዳ የሆነ ቀያሽ ኮረብታውን በጣቱ እያመለከተ ስሙን ሲጠይቅ፣ ገበሬው በአቅራቢያው ያለውን ደብር ሊነግረው ይችላል፤ ቀያሹም የሰማውን በሰማበት መልክ ይጽፋል። ከእናንተ በስተሰሜን ምሥራቅ ያለው ራስ ደጀን በውጭ ሰዎች ካርታ «ራስ ዳሸን» ሆኖ የቀረው በዚሁ መንገድ ነው። እኔ የማላውቀውን የአንድ ሀገር ካርታ ስመረምር ከሁሉ በፊት የማነበው ስሞቹን ነው። ስሙ የተጣመመ ካርታ የሀገሬውን ቋንቋ በሚያውቅ ሰው አልታረመም፤ የስም ምርመራ ያልተደረገበት ሥራ ደግሞ ሌላውም የመስክ ምርመራ እንደተዘለለበት ያስጠረጥራል።

ቀጥሎ የሚታየው ቋሚ ነጥብ ነው። ካርታ የሚሠራው ቦታቸው በጥንቃቄ የተለካ ነጥቦች በየተራራው አናት ተተክለው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ማዕዘን እየተነሣ፣ ሌላው ዝርዝር ሁሉ በእነርሱ ላይ ተንጠልጥሎ ነው። ነጥቦቹ ከሌሉ የተቀረው ሥዕል ብቻ ነው። የጦር ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ከታተመው ካርታ ይልቅ የነጥቦቹን ዝርዝር ይመኛሉ። በ1945 እ.ኤ.አ. የጀርመን ጦር ሲፈርስ በፍሎይድ ሃፍ የሚመራ የአሜሪካ ቡድን ዛልፌልድ በተባለች ከተማ የጀርመን ጦር ያከማቸውን የቅየሳ ሰነድ ማረከ። በውስጡ ጀርመኖች ራሳቸው በምሥራቅ ግንባር የሰበሰቧቸው የሶቪየት ምድር ነጥቦች ነበሩ። ለዓይን የሚያምር ነገር አልነበረውም፤ ገጹ ሁሉ ቁጥር ነው። አሜሪካ ግን በቀጣዩ ዘመን ተቀናቃኟ የምትሆነውን ሀገር በትክክል ለመለካት መነሻ ያገኘችው ከዚያ ነው።

ወደ ጎንደር ስንመለስ፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ኳድራንት የሚባለውን የማዕዘን መለኪያ ተሸክሞ መጥቶ የሰማይ አካላትን እያየ የቦታዎችን ኬክሮስ ወስኗል። ከ1838 እስከ 1848 እ.ኤ.አ. በሀገራችን የተዘዋወረው ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ደግሞ ተራራን ከተራራ በማዕዘን እያያያዘ ለሰሜኑ የኢትዮጵያ ክፍል የመጀመሪያውን ሰፊ የልኬት መረብ ዘረጋ። ይህን ያህል ጠንቃቃ የነበረ ሰው የነጭ አባይን ምንጭ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ አገኘሁ ብሎ መከራከሩ የሚያስገርም ነው፤ ማዕዘን መለካትና ወንዝ ወዴት እንደሚፈስ ማወቅ ለየቅል ናቸው።

የዚያን ዘመን ተጓዦች ከፍታን የሚለኩት ውሃ አፍልተው ነበር። ጎንደር ላይ ጀበናው የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ የመፍያው ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ስለሚወርድ፣ ቴርሞሜትሩን አንብቦ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ግድም እንዳለ ማስላት ይቻላል። የግማሽ ዲግሪ ስህተት ግን ከፍታውን በ150 ሜትር ያዛባል። የራስ ደጀን ከፍታ ለረጅም ዘመን በየመማሪያ መጻሕፍቱ 4,620 ሜትር ተብሎ ሲጻፍ ቆይቶ፣ በኋላ በተሻለ መሣሪያ ሲለካ ወደ 4,550 ሜትር መውረዱን ለተማሪዎችዎ ሲያስተምሩ ይህንን ቢያነሡላቸው መልካም ነው። የአንድ ሀገር የካርታ መሥሪያ ቤት አቅሙ የሚታወቀው እንዲህ ያለው እርማት በስንት ዓመቱ ከወረቀቱ ላይ እንደሚደርስ በማየት ነው።

ነጥብ መትከል ብቻም አይበቃም። በወጣትነቴ በቅየሳ ሥራ ላይ ሳለሁ አንድ ነጥብ ፍለጋ ተራራ ስንወጣ ግማሽ ቀን ፈጀብን። ከደረስን በኋላ ያገኘነው የተፈነቀለ ሲሚንቶና የነሐስ ሳህኑ የነበረበትን ጉድጓድ ነው። ሥሩ ወርቅ ተቀብሯል ብሎ የቆፈረው ሰው ማን እንደሆነ አልታወቀም፤ ነጥቡን መጠበቅ የነበረበት ክፍልም መጥፋቱን የሰማው ከእኛ ነበር። የተቀናቃኝ ሀገርን አቅም የሚገምት ሰው ስንት ነጥብ ተተከለ ብሎ ሳይሆን ስንቱ ዛሬም በቦታው አለ ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

ሀገሩ ለሕዝብ በሚሸጠው ካርታ መፍረድም ያሳስታል። ሶቪየት ኅብረት ለሕዝብ የምታትማቸው ካርታዎች ሆን ተብለው የተዛቡ እንደነበሩ የሀገሪቱ የካርታ ሥራ ኃላፊ በ1988 እ.ኤ.አ. በይፋ አምነዋል። በዚያው ዘመን የጦር ኃይሏ ጠቅላይ መምሪያ ለራሱ ያሠራቸው ካርታዎች ግን በባዕድ ሀገር ያለ ድልድይ ስንት ቶን እንደሚሸከምና ወንዙ ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ሳይቀር ይጽፉ ነበር። በቻይናም እስከ ዛሬ በሕግ ተፈቅደው የሚወጡ ካርታዎች በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር እንዲንሸራተቱ ይደረጋል።

ስለ ሳተላይት ያነሡት ጥያቄ ሚዛኑን ያሸጋሽገዋል እንጂ አያስቀረውም። አሜሪካ ከ1960 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. ኮሮና በተባሉ የስለላ ሳተላይቶች ያነሣቻቸው ከ800,000 በላይ ፎቶግራፎች በ1995 እ.ኤ.አ. ምስጢርነታቸው ተነሥቷል። በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ደግሞ አንዲት የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀን አብዛኛውን የዓለም የብስ ከፍታ በራዳር ለክታለች። ያ መረጃ ዛሬ ለእርስዎም ለተቀናቃኝም እኩል ክፍት ስለሆነ ኮንቱር የሚባለውን፣ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያያይዝ መስመር መሣል ብቻውን የአቅም ምልክት መሆኑ ቀርቷል። እኛም ብንሆን በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና ያመጠቅናት የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን 13.75 ሜትር ስፋት ያለውን መሬት እንደ አንድ ነጥብ ታይ ነበር። በ900 ሜትር ግንብ የታጠረው የፋሲል ግቢ በእርሷ ምስል ከዳር እስከ ዳር ሃያ ነጥብ ቢሆን ነው። ለሰብልና ለደን ጥናት ይጠቅማል፤ የይዞታ ድንበር ግን አይለይም። ለአረንጓዴው የመሬት ይዞታ ደብተር ምትክ የሚሆነውን የሁለተኛ ደረጃ ማረጋገጫ ለመስጠት ከአውሮፕላን የተነሣ ኦርቶፎቶ፣ ማለትም መዛባቱ ታርሞ እንደ ካርታ የሚለካበት ፎቶግራፍ፣ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

የአቅም አለመመጣጠን ምን እንደሚያስከትል ለማየት ከጎንደር ወደ መተማ መውረድ ይበቃል። በ1902 እ.ኤ.አ. በተፈረመው ውል መሠረት ከሱዳን ጋር ያለውን ወሰን በ1903 እ.ኤ.አ. በመሬት ላይ ያመለከተው እንግሊዛዊው ሜጀር ጉዊን ነው። የኢትዮጵያ ወገን ሥራው ያለ ተወካዮቹ መከናወኑን እየጠቀሰ ሲከራከር ኖሯል። ክርክሩ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየበትን ምክንያት ሁሉ በቅየሳ ማስረዳት አይቻልም። ነገር ግን በዚያ ቀን መሣሪያውን የያዘው አንዱ ወገን ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ገዙት ካርታ። በ1:400,000 ስኬል 1 ሚሊ ሜትር 400 ሜትር ስለሆነ የፋሲል ግቢ በሙሉ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፤ በከተማው ውስጥ አይፈትኑት። ከመኪና መንገድ ዳር አምስት፣ ከመንገድ በእግር የቀን ጉዞ ያህል የሚርቁ ሌሎች አምስት ቦታዎችን ይምረጡ፤ የወንዞች መገናኛ፣ የጥንት ድልድይና ቦታውን ያልቀየረ ደብር ጥሩ ናቸው። የእያንዳንዱን ኬክሮስና ኬንትሮስ ከካርታው ላይ በማስመሪያ ለክተው ዛሬ በስልክዎ ከሚያገኙት ጋር ያስተያዩ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በእኛ አቆጣጠር በአሜሪካ ትብብር ከተዘረጋው መረብ ወዲህ በተሠሩት የ1:50,000 ካርታዎች ላይ ይህንኑ ቢሞክሩ፣ አዲንዳን የተባለው መነሻ ልኬት ጂፒኤስ ከሚጠቀምበት ስለሚለይ ሁሉም ነጥብ ከ100 ሜትር በላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ተንሸራቶ ያገኙታል። ያ ስህተት ስላልሆነ በስሌት ይስተካከላል። በጣሊያኑ ካርታ ላይ ግን ልዩነቱ አንዴ ወደ ምሥራቅ አንዴ ወደ ምዕራብ የሚዋልልና ከመንገዱ በራቁ ቁጥር የሚያድግ ከሆነ፣ ቀያሹ ከመኪናው ያልወረደበትን ስፍራ አግኝተዋል ማለት ነው። ውጤቱን ቢልኩልን በዚሁ ዓምድ እናወጣዋለን።