ጥያቄና መልስ፦ የአይሁዳዊው ሠዓሊ የስቅለት ሥዕል በጸሎት ቦታ ይሰቀላልን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ቺካጎ ባለው የሥነ ጥበብ ሙዚየም የማርክ ሻጋልን «ነጩ ስቅለት» አይቼ ልቤ ተነካ፤ ቅጂውንም ገዛሁ። ሠዓሊው ግን አይሁዳዊ ነው። በጸሎት ቦታዬ ብሰቅለው ነውር ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ በጸሎት ቦታሽ አታኑሪው፤ እንዳትጥዪው ግን አደራ። ሳሎንሽ ውስጥ ቢሰቀል ነውር የለበትም።

በጸሎት ጊዜ በፊታችን የምናኖረው ሥዕለ አድኅኖ የቤተ ክርስቲያንን እምነት የሚመሰክር፣ በሥርዓቷ የተሣለ ነው። ስንሳለመው ክብሩ ለባለ ሥዕሉ ይደርሳል። ሻጋል ግን የሣለው የሕዝቡን ዋይታ ሊናገርበት እንጂ ሰው እንዲሰግድበት አይደለም። ያላመነውን እንዲመሰክርልሽ ልታስገድጂው አይገባም።

ሻጋል እ.ኤ.አ. በ1887 ዛሬ ቤላሩስ በምትባለው አገር፣ በቪቴብስክ፣ ሃይማኖት አጥባቂ ከሆነ የአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ይህን ሥዕል የሠራው በ1938፣ ናዚዎች በጀርመን ምኩራቦችን ባፈረሱበትና ባቃጠሉበት ዓመት ነው። ቅጂውን ቀረብ ብለሽ ተመልከቺ። በቀኝ በኩል ምኩራብ ይነድዳል፤ ከታች የኦሪት ጥቅልል ይቃጠላል፤ አረንጓዴ የለበሰ ሰው ከረጢቱን ተሸክሞ ይሸሻል፤ አንዲት እናት ሕፃኗን አቅፋለች። መካከል ላይ የተሰቀለው ጌታ ወገቡን የታጠቀው ጥቁር መስመር ባለው የአይሁድ የጸሎት ልብስ ነው፤ በራሱም ላይ በእሾህ አክሊል ፈንታ ጨርቅ ተጠምጥሟል።

ይህ አለባበስ ድፍረት የሚመስላቸው አሉ፤ እኔ አልስማማም። ጌታችን በስምንተኛው ቀን የተገረዘ፣ በናዝሬት ምኩራብ ተነሥቶ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነበበ ነው። ሐዋርያውም ስለ እስራኤል ሲናገር «ከእነርሱም ክርስቶስ በሥጋ መጣ» ይላል (ሮሜ 9፥5)። በዚያ ዘመን አውሮፓ ውስጥ የተጠመቁ ሰዎች የጌታን የሥጋ ዘመዶች አሳደዱ፤ ይህን ሳስብ እጅግ አዝናለሁ። በእኛም ዘንድ ሕማማትን እያሰቡ የዛሬውን አይሁዳዊ መርገም አለ። እኅቴ፣ ይህ ንስሐ የሚያሻው ኃጢአት ነው።

ሌላም ላመልክትሽ። ፈረንሳይ ኒስ ከተማ ባለው ሙዚየም የሻጋል «የይስሐቅ መሥዋዕት» አለ። አብርሃም ቢላዋውን አንሥቷል፤ ከላይ፣ ከበስተኋላ፣ መስቀል ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ይታያል። አባቶቻችን በዕፀ ሳቤቅ የተያዘውን በግ የክርስቶስ ምሳሌ አድርገው ያስተምሩናል። ሻጋል ይህን ትምህርት ተቀብሏል አልልሽም፤ መስቀሉን የሕዝቡ መከራ ምልክት አድርጎ ይጠቀምበት ነበር። ነገር ግን ሞሪያንና ጎልጎታን በአንድ ሸራ ላይ ማየት ዘፍጥረት 22ን እንደገና በእንባ ያስነብባል።

ልጆችሽ ስለ ሥዕሉ ቢጠይቁሽ ይህንኑ ምዕራፍ አንብቢላቸው፤ ምኩራቡ ለምን እንደሚነድድም ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ለጸሎት ቦታሽ የሚሆነውን የስቅለት ሥዕል ደግሞ የንስሐ አባትሽን ጠይቂ።