የ1 ሚሜ ላሜራ ሲሳብ ደህና ሆኖ ሲገፋ ለምን ይጎብጣል?

ሰላም ወንድሜ። የጠየቅከው ይህን ነው፦ «ጥቁር ላሜራ፣ ውፍረቱ 1 ሚሜ፣ ስፋቱ 12.5 ሚሜ፣ በሙከራ ማሽኑ መንጋጋዎች መካከል 75 ሚሜ። ቴንሽን ላይ (ሲሳብ) 210 ሜጋ ፓስካል አካባቢ ይልድ ያደርጋል (ቅርጹ ላይመለስ መለወጥ ይጀምራል)፤ ኮምፕሬሽን ላይ (ሲገፋ) ግን 1.4 ኪሎ ኒውተን ሳይሞላ ከርቩ (የኃይሉ መስመር) ይወድቃል። ሎድ ሴሉ (ኃይል መለኪያው) ተበላሽቶ ይሆን?»

ሎድ ሴሉን አትንካው። ቀጭን ነገር በስንት ጭነት እንደሚጎብጥ የሚያሰላውን የኦይለርን ቀመር በ75 ሚሜ አስላው፤ ጫፎቹ ስለተያዙ ግማሹን፣ 37.5 ሚሜውን ትወስዳለህ፤ ሞዱለሱ (የብረቱ ግትርነት) 200 ጊጋ ፓስካል ነው። 117 ሜጋ ፓስካል ይመጣል፣ በኃይል 1.46 ኪሎ ኒውተን። ናሙናው ትንሽ እንኳ ጠመም ካለ ከዚያ በታች ይጎብጣል። ይልድ እንዲያደርግ ግን 2.6 ኪሎ ኒውተን ያስፈልገው ነበር፤ እዚያ ሳይደርስ ታጠፈ ማለት ነው።

«እንግዲያው ላሳጥረው» ማለትህ አይቀርም። እስከ ይልድ ያደርስሃል፣ ከዚያ በኋላ ግን አይሠራም። ብረቱ ይልድ ካደረገ በኋላ የከርቩ ቁልቁለት ከ200 ጊጋ ፓስካል ወደ 2 ጊጋ ፓስካል ገደማ ይወርዳል፤ የመጉበጫው ስትረስም (ኃይሉ ለናሙናው የመስቀለኛ ስፋት ሲካፈል) አብሮት ወደ መቶኛው ይወርዳል። ክፍተቱን 20 ሚሜ ብታደርገው እንኳ የሚችለው 16 ሜጋ ፓስካል ብቻ ነው። በ4 ሚሜ ግን 411 ይሆናል። ስለዚህ ድጋፍ ሳያገኝ የሚቀር የላሜራ ክፍል ከ4 ሚሜ መብለጥ የለበትም፤ ቀሪው ከሁለት ወገን በጠፍጣፋ ብረት መያዝ አለበት።

መያዣው ሁለት የተጠነከሩና በግራይንደር የለሰለሱ ብረቶች ናቸው፣ በቡሎን የሚጣመሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቡሎኑን በቀጥታ ያጠብቀዋል። ላሜራው 5 በመቶ ሲያጥር 2.5 በመቶ ገደማ ይወፍራል፣ ማለትም 0.025 ሚሜ። ቡሎኑ ስለማይለቅለት የጎን ኃይሉ በአንድ ጊዜ ያሻቅባል፣ ፍሪክሽኑም (ሰበቃውም) አብሮ። ከቡሎኑ ራስ ሥር ሞላ አስገባ፤ ሞላው ምን ያህል እንደታጨቀ ለክተህ ኃይሉን ታውቀዋለህ። 2 ኪሎ ኒውተን ለዚህ ውፍረት ጥሩ መነሻ ነው። የምትደግፈው 60 ሚሜ ከሆነና 5 በመቶ ልትጨምቀው ካሰብክ 3 ሚሜ ያጥራል፤ ከላይና ከታች 2፣ 2 ሚሜ ክፍተት ተውለት። አለዚያ መንጋጋው መያዣውን ይገጨውና የምትለካው የመያዣውን ጥንካሬ ይሆናል።

በላሜራውና በብረቱ መካከል ስስ ቴፍሎን ከግራሶ ጋር አድርግ፤ ለእያንዳንዱ ሙከራ አዲስ። ያም ሆኖ ፍሪክሽን አይጠፋም። የፍሪክሽኑ ኮኤፊሸንት (ከጎን ኃይሉ ስንት እጅ እንደሆነ የሚያሳየው ቁጥር) 0.06 ቢሆን በሁለት ፊት እስከ 240 ኒውተን፣ በስትረስ እስከ 19 ሜጋ ፓስካል ይጨምርብሃል። ይልዱ 210 ለሆነ ብረት ይህ ቀላል አይደለም። ኮኤፊሸንቱን ከመጽሐፍ አትውሰድ፤ አንድ ናሙና ያለ መያዣ፣ ሌላውን ከመያዣውና ከዚያው የሞላ ኃይል ጋር ሳባቸው። የሁለቱ ከርቮች ልዩነት ፍሪክሽኑ ነው፤ ከኮምፕሬሽኑ ላይ ቀንሰው። አቅጣጫ ሲቀየር የፍሪክሽኑም ምልክት እንደሚገለበጥ አትርሳ።

የላሜራው ፊት ስለተሸፈነ ኤክስቴንሶሜትሩ (የርዝመት ለውጥ መለኪያው) በጠርዙ ላይ ይገጠማል፤ የመያዣውን ስፋት ከናሙናው 1 ሚሜ ያህል አጥብበው። ፍጥነቱን በሴኮንድ 0.00025 ስትሬን (የርዝመት ለውጡ ለመነሻው ርዝመት ሲካፈል) አድርግ፤ በ60 ሚሜ ላይ በደቂቃ 0.9 ሚሜ ገደማ ነው።

ስለ ናሙናው፦ በመቀስ የተቆረጠ ጠርዝ ጠንክሮ ስለሚቀር 3 ሚሜ ያህል ትርፍ ትተህ ብዙውን ደርበህ ትርፉን በፍሬዛ (በመፋቂያ ማሽን) አውርደው። የጎበጠ ካለ በመዶሻ አታቃናው፣ ጣለው። ውፍረቱን በማይክሮሜትር እንጂ በካሊፐር አትለካ፤ የ0.02 ሚሜ ስህተት 2 በመቶ ነው። ዚንክ የተቀባ ከሆነ ደግሞ ዚንኩን ካስለቀቅክ በኋላ ለካ።

ፍላጎትህ ስቦ መልሶ መግፋት ከሆነ፣ ማለትም የባውሺንገርን ኢፌክት (ተስቦ የነበረ ብረት ሲገፋ ቀድሞ ይልድ ማድረጉን) ለስፕሪንግባክ (የታጠፈ ላሜራ ሲለቀቅ መልሶ ለመዘርጋቱ) ስሌት ማግኘት ከሆነ፣ ሃይድሮሊክ መንጋጋ የግድ ነው። ተራው ባለ ሽብልቅ መንጋጋ ሲሳብ ይነክሳል፣ ሲገፋ ይለቃል፤ ዜሮን ሲያልፍ ከርቩ ላይ ደረጃ ታያለህ። ስበህ አውጥተህ ከቀናት በኋላ መግፋትም አይሆንም፤ ለስላሳ ብረት በቆይታ ያረጅና ይልዱ ተመልሶ ይነሳል።

መያዣ ማሠራት ካልቻልክ አሥር ቁራጭ በማጣበቂያ ደርበህ 10 በ10 ሚሜ፣ ቁመቱ 15 ሚሜ የሆነ ብሎክ ሠርተህ በላሜራው ርዝመት አቅጣጫ ግፋው። ለኮምፕሬሽን ብቻ ይበቃል። ክብ ቁራጮችን ደርቦ በውፍረታቸው አቅጣጫ መጫን ግን ሌላ ሙከራ ነው፤ አታምታታቸው።

ሲያልቅ ናሙናውን አውጥተህ ፊቱን እይ። የሚያብረቀርቅ መስመር እየተቆራረጠ እንደ ሞገድ ከታየበት ወይም ብረት ማስመሪያ ስታስጠጋበት ብርሃን ካሳለፈ ውስጥ ለውስጥ ጎብጧል። ያን ከርቭ አትጠቀምበት፤ የሞላውን ኃይል ጨምረህ፣ ፍሪክሽኑንም እንደገና ለክተህ ድገመው።