ነዳጅ ሲሰጡት የሚያንገራግር የጀልባ ሞተር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ድሮ ለውሃ ላይ ሸርተቴ የተሠራች፣ ሞተሯ መሀሏ ላይ የተቀመጠ ጀልባ አለችኝ። ሞተሩ ባለ 8 ሲሊንደር ፎርድ 5.8 ሊትር፣ ካርቡሬተሩ ሆሊ 4160 ነው። እንግዳ ይዤ ወደ ዘጌ እመላለስባታለሁ። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳልሰጣት በዝግታ ስትዞር) ደኅና ትሠራለች። የነዳጅ ማንሻውን ቶሎ ስገፋው ግን ለአንድ ሰከንድ ያህል ጭጭ ትላለች፤ አንዳንዴም በካርቡሬተሩ አፍ ታስነጥስና ከዚያ ትነሣለች። ቀስ አድርጌ ስገፋው ምንም አትልም። ካንዴላና የቤንዚን ፊልትሮ ቀይሬያለሁ፣ ለውጥ የለም። የወጡት ካንዴላዎች ጥላሸት ለብሰዋል። መካኒኩ «ቤንዚን አንሷታል፣ ጂግሌሩን (የቤንዚኑን መጠን የሚወስነውን ባለ ቀዳዳ ብሎን) እናስፋው» ይላል። ምን ትመክሩኛላችሁ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ጂግሌሩን አያስፉ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ካርቡሬተሩ ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ የተለካው ለዝቅተኛ ቦታ ነው። ስለዚህ እዚህ ሞተሩ በጠቅላላው ቤንዚን ይበዛበታል እንጂ አያንሰውም፤ የካንዴላው ጥላሸትም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። ለሆሊ የተለመደው ልክ በየ600 ሜትሩ ከፍታ ጂግሌሩን በአንድ ቁጥር ማሳነስ ሲሆን፣ ለጣና ሦስት ቁጥር ይሆናል ማለት ነው። ቀዳዳው አንዴ በመሰርሰሪያ ከሰፋ ደግሞ መመለሻ የለውም።

መካኒኩ ግን ጨርሶ አልተሳሳተም። ያቺ አንድ ሰከንድ በእርግጥ የቤንዚን እጥረት ናት። ማንሻው በድንገት ሲገፋ አየሩ ወዲያው ይገባል፤ ቤንዚኑ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ኋላ ይቀራል። ይህን ክፍተት የሚሞላው በካርቡሬተሩ ፊተኛ የቤንዚን ማጠራቀሚያ ሥር የተገጠመው ትንሽ ፖምፓ ነው፤ ማንሻው ሲነቃነቅ ቤንዚን በቀጥታ ወደ ጉሮሮው ይረጫል። ቀስ ሲሉት የማይታይ፣ ሲያጣድፉት ብቻ የሚመጣ ማንገራገር ቅድሚያ የሚያስጠረጥረው እሱን ነው።

ፍተሻው አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ፣ ክዳኑን ከፍተው የሞተር ክፍሉን ማናፈሻ አምስት ደቂቃ ያሠሩ። በአካባቢው ሲጋራም ሆነ ምድጃ አይኑር። የእሳት መከላከያውን ከካርቡሬተሩ አናት ያንሡ፣ ቾኩን ክፍት ያድርጉ፣ ከዚያ ማንሻውን በፍጥነት እየገፉ ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ከመርጫው ሁለት ጠንካራና እኩል የቤንዚን መስመሮች ማንሻው በተነቃነቀበት ቅጽበት መውጣት አለባቸው። ዘግይቶ ከወጣ፣ በአንድ በኩል ብቻ ከወጣ ወይም ከተንጠባጠበ ጥፋቱን አገኙት።

መስመሩ የሚዘገይ ከሆነ በመጀመሪያ የፖምፓውን ክንድ ይዩ። በሚኒሞ ላይ በክንዱና በሚገፋው ብሎን መካከል ክፍተት መኖር የለበትም፤ ማንሻው ትንሽ እንኳ ሲነቃነቅ ክንዱ አብሮ መንቀሳቀስ አለበት። ቀጥሎ ማንሻውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፣ ክንዱን በጣትዎ ወደ ታች ይጫኑና ክፍተቱን ይለኩ፤ 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል መሆን አለበት። ከዚህ ካነሰ ቤንዚኑን የሚገፋው የፖምፓው ላስቲክ ከመጠን በላይ ይጫንና ቶሎ ይቀደዳል።

ከሁለቱ መስመሮች አንዱ ከጠፋ መርጫው ተደፍኗል። ብሎኑን ፈትተው ያንሡት፤ ነገር ግን አስቀድመው የካርቡሬተሩን ጉሮሮ በንጹሕ ጨርቅ ይድፈኑ፤ ከሥሩ ያለችው ትንሽ መርፌ ሞተር ውስጥ ከወደቀች ጣጣው ብዙ ነው። ቀዳዳውን በአየር ግፊት ያጽዱ፤ በሽቦ አይነካኩት፣ ይሰፋል። ሁሉም ንጹሕ ሆኖ መርጨቱ ደካማ ከሆነ በአራት ብሎን የተያዘውን የፖምፓ ክዳን ይፍቱና ላስቲኩን ያውጡ። ሲፈታ ቤንዚን ስለሚፈስ ከሥሩ ዕቃ ይደቅኑ። የደረቀ፣ የተኮማተረ ወይም የተሰነጠቀ ላስቲክ ይቀየራል። ሲገዙ አልኮል የሚቋቋመውን ይጠይቁ፤ ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን የድሮውን ዓይነት ቶሎ ይበላዋል።

ማስነጠሱን በቸልታ አይለፉት። በእነዚህ የቆዩ ሆሊዎች ውስጥ ፓወር ቫልቭ የሚባል፣ ሞተሩ ሲከብደው ተጨማሪ ቤንዚን የሚለቅ፣ ስስ ላስቲክ ያለው ቫልቭ አለ፤ ከሞተሩ የሚመጣ አንድ ኃይለኛ ማስነጠስ ሊቀደው ይችላል። ከተቀደደ ቤንዚን ያለማቋረጥ ይፈስሳል፣ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላ ይጠቁራል። የእርስዎ ካንዴላ ጥላሸት ከከፍታው ብቻ ላይሆን ይችላል። ለመለየት ሞተሩን አሙቀው በሚኒሞ ያሠሩና ሁለቱን የቅልቅል ብሎኖች (በሚኒሞ የሚገባውን ቤንዚን የሚያስተካክሉትን)፣ ስንት ዙር እንደሚገቡ እየቆጠሩ፣ ቀስ ብለው እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ ያዙሩ። ሞተሩ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ቤንዚን በሌላ መንገድ እየገባ ነውና ፓወር ቫልቩን ይቀይሩ። የቫልቩን ቁጥር የሚመርጡት በሚኒሞ በቫኪዩም መለኪያ የሚነበበውን የሞተር ሳብታ (አየር የመሳብ ኃይል) ለሁለት በማካፈል ነው፤ 11 ኢንች ካነበቡ 5.5 ይገዛሉ። በባሕር ዳርቻ 17 የሚያነብ ሞተር እዚህ 11 ገደማ ቢያነብ አይደንግጡ፤ ከፍታው ነው።

ፖምፓው ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ወደ እሳቱ፣ ማለትም ለካንዴላ ብልጭታ ወደሚሰጠው ክፍል ይሂዱ። የዲስትሪቢውተሩ (እሳቱን ለካንዴላዎች የሚያከፋፍለው) ክዳን ውስጥ እርጥበትና አረንጓዴ ዝገት ይዩ፣ ፑንቲና (እሳቱን የሚያቋርጥ መክፈቻና መዝጊያ) ካለው የተቃጠለ መሆኑን ይዩ፣ ክፍተቱንም ይለኩ። በታይሚንግ መብራት (እሳቱ የሚነሣበትን ቅጽበት በሚያሳይ መብራት) ሲያዩት ሞተሩ ሲፈጥን በሞተሩ ፑሌጃ ላይ ያለው ምልክት መሸሽ አለበት፤ ካልሸሸ ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ያሉት ክብደቶች ዝገው ተይዘዋል።

ቤንዚኑን በጀሪካን የሚገዙ ከሆነ ውሃም ይጠርጥሩ። ፊልትሮው ውስጥ ያለውን በብርጭቆ ጠርሙስ ይቅዱና ለአሥር ደቂቃ ያስቀምጡት፤ ውሃ ካለ ከሥር ይዘቅጣል። በሙሉ ፍጥነት ጥቂት ከሄደ በኋላ የሚደክም ሞተር ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ላይ የታንኩ መተንፈሻ ወይም ከታንኩ መውጫ ላይ ያለው፣ ቱቦው ሲቀደድ ቤንዚን ከታንኩ በራሱ ተስቦ እንዳይፈስ የሚከለክለው ቫልቭ ነው የሚፈተሸው። እምቦጭ በውልብልቢቱ ላይ ሲጠቀለልም ሞተሩ እንደታመመ ይከብደዋል፤ ካርቡሬተር ከመፍታት በፊት ከሥር ማየት ከድካም ያድናል።

ጥገናውን ሲጨርሱ እንግዳ ሳይጭኑ፣ በማለዳ፣ ነፋሱ ሳይነሣ ከወደቡ ሳይርቁ ይሞክሯት። ባዶ ማርሽ ላይ የተስተካከለ የመሰለ ሞተር ውልብልቢቱን ሲገፋ ነው እውነቱን የሚናገረው።

ጥያቄ፦ የጀልባዬ የቤንዚን ፖምፓ (ከታንኩ ወደ ካርቡሬተሩ የሚገፋው) ተበላሽቶ የመኪና ፖምፓ አገኘሁ፤ ልክክ ብሎ ገጥሟል። ብጠቀምበት ምን ይለዋል? (ከቁንዝላ)

መልስ፦ አይጠቀሙበት፣ አሁኑኑ ይፍቱት። የመኪና ፖምፓ ላስቲኩ ሲቀደድ ቤንዚን ወደ ውጭ ሊያፈስ ይችላል። መኪና ላይ መሬት ላይ ወርዶ ይተናል፤ ጀልባ ላይ ግን ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ታች ወለሉ ላይ ይተኛል፣ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። የጀልባው ፖምፓ ድርብ ላስቲክ ያለው ሲሆን ከጎኑ ወደ ካርቡሬተር የሚሄድ ብርሃን የሚያሳይ ቀጭን ቱቦ አለው። በዚያ ቱቦ ውስጥ ቤንዚን ካዩ አንዱ ላስቲክ ተቀዷልና ፖምፓው ይቀየራል። ካርቡሬተር፣ ዲስትሪቢውተር፣ ጄኔሬተርና ሞተር ማስነሻም የጀልባ የሆነውን ይግዙ፤ እነሱ ብልጭታቸውንም ሆነ ቤንዚናቸውን ወደ ሞተር ክፍሉ እንዳይለቁ ተደርገው ነው የተሠሩት።