ዳቦው ደቦ የሆነ ዕለት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። አዳማ ውስጥ ማተሚያ ቤት እሠራለሁ። የሠርግ ጥሪ፣ ባነር፣ ቢዝነስ ካርድ፣ ያልሠራሁት የለም። ማታ ማታ ደግሞ ቤቴ ሥዕል እሥላለሁ። በቀደም አንድ ሠዓሊ ጓደኛዬ ሥዕሎቼን አይቶ «ቆንጆ ናቸው፤ ግን እጅሽ የዲዛይነር እንጂ የሠዓሊ አይደለም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ብሩሽ መያዝ አስጠልቶኛል። አለቃዬ በበኩሉ «ሥዕል አታብዢብኝ» ይለኛል። ለመሆኑ የሁለቱ ልዩነት ምንድን ነው? እኔስ የትኛዋ ነኝ? (ሰ. ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ ጓደኛሽ ያየው ነገር አለ። ችግሩ እንደ ስድብ መናገሩ ነው።

እኔም በጉርምስናዬ የሱቅ ታፔላ እጽፍ ነበር። በቆርቆሮ ላይ፣ በዘይት ቀለም። አንድ ቀን የሰፈራችን ባለ ዳቦ ቤት አዘዘኝ። የዚያን ሰሞን የብራና ጽሕፈት ፍቅር ይዞኛል። ወፈር ያሉ፣ ቀጥ ብለው የቆሙ ፊደላት አወጣሁ። የ«ዳ» ቀኝ እግር ግን ከመስመሬ ወርዳ አስቀየመችኝ። ቆረጥኳት! ሁለቱ እግሮች እኩል ቆሙ። እንዴት እንዳማረ አትጠይቂኝ።

በማግስቱ ሰውየው በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ታፔላው «ደቦ ቤት» ይላል። «ልጄ፣ እኔ ዳቦ ሻጭ ነኝ፤ ለአጨዳ ሰው አልጠራሁ» አለኝ። ግማሽ ሒሳቤንም ቆረጠብኝ። እውነቱን ነው።

ያንን ቆርቆሮ ቤቴ ግድግዳ ላይ ብሰቅለው ማንም አይወቅሰኝም ነበር። መንገድ ላይ ግን የሚያነበው ከታክሲ መስኮት አንገቱን ያወጣ፣ የቸኮለ ሰው ነው። ዲዛይን ስትሠሪ ያ ሰው ሁልጊዜ ደጅ ላይ ይጠብቅሻል።

እዚህ ላይ አቁሜ «ዲዛይን ለሰው፣ ሥዕል ለራስ» ብዬ ባሰናብትሽ ደስ ይለኝ ነበር። አፍሪካ አዳራሽ ግን አላስችል አለኝ። አዲስ አበባ ስትመጪ ዕድሉ ከገጠመሽ ገብተሽ እዪው። ሕንፃውን የነደፈው ጣሊያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው፤ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ክፍል የሚያሳየው የመስታወት ሥዕል ደግሞ የአፈወርቅ ተክሌ ነው። 150 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህ ሁሉ ትእዛዝ ነው። ቦታውም ልኩም ከሕንፃው ጋር የተያያዘ። ባለቀለም መስታወት ደግሞ እንደ ሸራ አይታዘዝም፤ ቀለሙ የሚነሣው ብርሃን ከጀርባው ሲያልፍ ነው። ቁርጥራጮቹም ማያያዣ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሠዓሊው አንዲት መስመር ሲያወጣ የፊትን ቅርጽም የመስታወቱን መጋጠሚያም አብሮ ያስባል። እና ምን እንበለው? ደንበኛ አለው፣ ልክ አለው፣ ሥራ አለው። ሥዕል አይደለም የሚል ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

አማርኛችንማ ጭራሽ አልለያቸውም። ሥነ ጥበብ የምንለውም ጥበብ፣ የቀሚስሽ ዳር ላይ ያለውም ጥበብ። ሽሮ ሜዳ ሄደሽ አንዱን ቀሚስ አንሥተሽ የጥለቱን መስቀል ጠጋ ብለሽ እዪው። ከሩቅ ሰያፍ የመሰለሽ መስመር ቀረብ ሲሉት ደረጃ በደረጃ ነው። ድርና ማጉ ቀጥ ብለው ስለሚተላለፉ ሸማኔው ክር እየቆጠረ ነው የሚያወጣው። ያ ደረጃ ግዴታ ነበር፤ ዛሬ ውበቱ እሱ ነው።

ሠዓሊው አለ ፈለገሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት ትምህርት ቤትም ዛሬ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ነው የሚባለው። ጓደኛሽ ይህን ስም አንብቦ ይሆን?

ስለዚህ የትኛዋ ነሽ ለሚለው ምርጫ አልሰጥሽም። ማተሚያ ቤት የለመድሽው ልክ፣ ክፍተት፣ የፊደል ሚዛን ማታ ሥዕልሽ ውስጥ ቢገባ ምን ነውር አለው? አለቃሽን በተመለከተ ግን ከሱ ጋር ነኝ። የሠርግ ጥሪ ላይ ቀኑና አዳራሹ መነበብ አለበት። እንግዳ በማግስቱ ቢመጣ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።

ማታ ቤትሽ ስትገቢ ግን የ«ዳ»ን እግር እንዳሻሽ ቁረጪ።