ለሎክ ተንሳፋፊ ማሰሪያ ጨረታ፦ ሐዲዱን ሳትለካ ብረት አትቁረጥ

ወንድሜ፣ የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ኮር ባወጣው ጨረታ፣ በወንዝ ሎክ (ውኃ እየሞላና እየጎደለ መርከብን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ባለበር ገንዳ) ግድግዳ ላይ ያሉትን ተንሳፋፊ የመርከብ ገመድ ማሰሪያዎች ለመቀየር ልወዳደር ወይ ብለህ ጠይቀሃል። ማሰሪያው በግድግዳው ጎድጓዳ ውስጥ በሐዲድ እየተመራ ከውኃው ጋር ከፍ ዝቅ የሚል የብረት ታንክ ነው። ተወዳደር። ሳም (SAM፣ የአሜሪካ መንግሥት የተጫራቾች መመዝገቢያ ድረ ገጽ) ላይ መመዝገቡን ጨርሰሃል ብዬ ልነሳ።

1. የጨረታ ማስከበሪያው ቢያንስ ያቀረብከው ዋጋ 20 በመቶ ነው፤ ጣሪያው 3 ሚሊዮን ዶላር። ዋስ ሰጪው ለፈራሚ ወኪሉ የሰጠው ውክልና አብሮ ይያያዝ። በጨረታ ሰነዱ ላይ ማሻሻያ በወጣ ቁጥር መቀበልህን በጽሑፍ አረጋግጥ። በዚህች ፊርማ ብቻ ስንቱ ዝቅተኛ ዋጋ ወድቋል።

2. ገንዘብ የሚቀልጠው ልኬት ላይ ነው። የሚሰጥህ ንድፍ ግድግዳው ሲሠራ የተሣለው ነው። ከዚያ ወዲህ ሐዲዱ ዝጓል፣ በባርጅ (ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባ) ተገጭቶ ጎብጧል። በንድፉ ልክ ያስበየድከው ታንክ መውረጃው አጋማሽ ላይ ይቀረቀራል። የተቀረቀረውን ማሰሪያ ሎኩ ሲሞላ ውኃው ይውጠዋል፤ ድንገት ሲለቀው ደግሞ እንደ ቡሽ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ገመድ ታስሮበት ከሆነ አደጋው የሰው ነው።

ስለዚህ የአዲሱን ታንክና የሮለሮቹን ልክ የያዘ ቀላል የብረት ፍሬም አሠርተህ፣ ከላይ እስከ ታች በክሬን አውርደው። የቆመበትን ከፍታ መዝግብ፤ በሐዲዶቹ መካከል ያለውን ስፋትም በየ3 ጫማው ለካ። አንዱ ጎድጓዳ ከሌላው ስለማይገጥም እያንዳንዱን ታንክ በጎድጓዳው ቁጥር ሰይመው። ይህን የሚያደርግ ተጫራች ብርቅ ነው፤ የሚከስረው ግን ሞልቷል። ሎኩ ለመርከብ የሚዘጋው ለጥቂት ቀናት ብቻ ስለሆነ፣ ታንክ መልሶ ለማስበየድ ጊዜ የለም። የመዘግየት ቅጣቱ በቀን ይቆጠራል።

ሐዲዱ ከተባለው ውጭ ሆኖ ካገኘኸው ሳትነካው ለኮንትራት ኦፊሰሩ (ውሉን የመቀየር ሥልጣን ላለው የመንግሥት ሹም) በጽሑፍ አሳውቅ። ሳይት ላይ ያለው ተወካይ «ግዴለም፣ ቀጥል» ቢልህ ቃሉ ውሉን አይቀይርም፤ የክፍያ ጥያቄህን የሚያይልህም የለም። ፎቶው ከነቀኑ ይኑር። በጉብኝት ቀን በዓይን ሊታይ ይችል የነበረ ጉዳት ግን በራስህ ነው፤ ስለዚህ ጉብኝቱን አትቅር።

3. ታንኩን ከመጫንህ በፊት በዝቅተኛ የአየር ግፊት ሞልተህ ብየዳውን በሳሙና ውኃ ፈትሽ። ከተተከለ በኋላ ሎኩን ደጋግመህ አስሞላና አስጎድል፤ አንዱ ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ ከተንሳፈፈ ውኃ እየገባው ነው።

የወጣውን አሮጌ ማሰሪያም ቀለሙ ሳይመረመር በእሳት አትቁረጠው፤ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል።