አልፋ ሲፈለግ ቤታ ቢወጣስ?

ጥያቄ፦ ደሴ ነው የምማረው። ለመመረቂያ ሥራዬ ናፍታሊንን ከኮንሰንትሬትድ (ያልተበረዘ) ሰልፈሪክ አሲድ ጋር አሙቄ አልፋ ናፍታሊን ሰልፎኒክ አሲድ፣ ማለትም የሰልፎኒክ ቡድኑ (SO3H) የናፍታሊኑ 1ኛ ካርቦን ላይ የተያያዘበትን፣ ለማውጣት ሞከርኩ። ፍላስኩን የጋለ አሸዋ ውስጥ ቀበርኩት። አሸዋው ላይ የሰካሁት ቴርሞሜትር 80 ዲግሪ ነበር የሚለው። የወጣልኝ ግን አብዛኛው ቤታ (ቡድኑ 2ኛው ካርቦን ላይ ያለው) ነው። ባቀዘቅዘው ወደ አልፋ ይመለስልኛል?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ አሲዱ ምንም አልሆነም። ጥፋቱ የአሸዋው ነው። አሸዋ ሙቀት በደንብ አያስተላልፍም። ላዩ 80 ሲል፣ ሥሩ ማሞቂያው (ሆት ፕሌቱ) ጋ በጣም ሊግል ይችላል። የፍላስክሽ ቂጥ ያለው ደግሞ እዚያ ነው።

80 ዲግሪ አካባቢ ቶሎ የሚሠራው አልፋው ነው፤ ኪኔቲክ ቁጥጥር ማለት ይኸው ነው። ግን አልፋ ላይ የሰልፎኒክ ቡድኑ 8ኛው ካርቦን ላይ ካለው ሃይድሮጂን ጋር ይጋፋል። ቤታ ላይ ያ ግፊያ የለም። ወደ ቤታ የሚወስደው የኃይል ዳገት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ እንደሚያስወጣው ሐረጎ ረጅም ነው፤ ማዶው ግን የተሻለ ማረፊያ አለ። ሙቀቱ 160 ሲደርስ አልፋው ቡድኑን ጥሎ መልሶ ይይዛል፣ እየቆየም ቤታው ይበዛል። ይኼኛው፣ የተረጋጋው የሚያሸንፍበት፣ ቴርሞዳይናሚክ ቁጥጥር ነው።

ማቀዝቀዙ አይጠቅምሽም። ቤታው 80 ላይም ቢሆን የተረጋጋው እሱ ስለሆነ ንቅንቅ አይልም። አልፋን አሙቆ ቤታ ማድረግ ይቻላል፤ ግልባጩ ግን አይሆንም። አዲስ ናፍታሊን ያዢ።

አሸዋውን ተይና ፍላስኩን ውሃ ውስጥ አሙቂ። የደሴ ከፍታ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃው 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ውሃው እስካላለቀ ድረስ ብትረሺው እንኳ ከዚያ አያልፍም። በዚህስ ከፍታችን ጠቅሞናል! ቴርሞሜትሩ ፍላስኩ ውስጥ ይሁን። ውሃ ግን ጠብ እንዳይልበት፣ አሲዱ ይፈናጠራል። አንገቱ ላይ ነጭ ቅርፊት ካየሽ የተነነ ናፍታሊን ነው፤ አሙቀሽ መልሺው። ናፍታሊኑ ሲያልቅ አታቆይው፤ አቀዝቅዢና ቀስ እያልሽ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ አፍስሺው። ውሃውን አሲዱ ላይ እንዳታደርጊ! መነጽርም አትርሺ።

ቤታ የሚፈልግ ጓደኛ ካለሽ ዘይት ውስጥ 160 ላይ ያቆየው። መሃል ላይ መብራት ቢሄድበት ሲመጣ ይቀጥላል፤ እሱ የሚያጣው ጊዜውን ብቻ ነው።